መጠጥ፣ አፍና ጉሮሮ፦ ከጉለሌ የተነሳ ዳሰሳ

ስለ መጠጥ ያለን ወግ አብዛኛው የጠባይ ወግ ነው። ማን ሰከረ፣ ማን ተሳደበ፣ ማን ደመወዙን ጠጅ ቤት ጨርሶ ባዶ እጁን ገባ፣ የማን ትዳር ፈረሰ እንላለን። ነገሩ ወደ ጤና ካመራም የሚነሱት ጉበትና ጨጓራ ናቸው። መጠጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ከንፈርን፣ ምላስን፣ ላንቃንና ጉሮሮን ሆኖ ሳለ፣ በእነዚህ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም። በሕክምናው ዓለም ጉዳዩ ክርክር ማስነሳቱን ካቆመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ከሐኪሞች ክፍል ወጥቶ ገና ሰፈር አልደረሰም።

ይህን ክፍተት ለመቃኘት ከጉለሌ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ፓስተር በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከተቋሙ ጥንተ መሠረት ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የአገሩ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠጣና ምን ያህል እንደሚያጨስ የሚያጠናው ይህ ተቋም ነው። ከእሱ በእግር በሚደረስበት ቦታ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ የዛሬው ስሙ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ድምፁ የሻከረበት፣ መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያወጣ ሰው ከየአቅጣጫው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ከአንገት በላይ ክፍሉ ይመጣል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ቀጨኔ አለ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጠላ የሚጠመቅበትን ጋንና እንስራ፣ አረቄ የሚወጣበትን ማሰሮ ለከተማው ሲያቀርቡ ኖረዋል። ቆጣሪው፣ አካሚው፣ ጠማቂውና ጠጪው እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው የነገሩን ጉልበት ይረዳዋል። ጌሾና ብቅል ከእህሉ ጋር ተደፍድፎ ቀናት ከተብላላ በኋላ ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ እሳት ላይ ይጣዳል። የማሰሮው አፍ እንፋሎት እንዳያወጣ ዙሪያውን ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርድና እዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። አልኮል ከውኃ ቀድሞ ስለሚተን መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱው ነው። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፣ አልኮሉም ከመቶ 35 ገደማ ነው። ዳግም ከወጣ ወደ 45 ይጠጋል። ይህ አማካይ ነው፤ እሳቱ፣ እህሉና የሴትየዋ እጅ ይለያያሉና የአንዱ ቤት አረቄ ከሌላው ቤት እኩል አይሆንም። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6፣ ጠጅ ከ7 እስከ 11 አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቢራ ደግሞ 5 አካባቢ ነው።

ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ላይ ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመላ አገሪቱ አጥንቷል። ከመቶው 41 ያህሉ ባለፉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ አልኮል ጠጥተዋል። ከወንዶች ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ መቀመጫ ስድስትና ከዚያ በላይ የመጠጥ መጠን የወሰዱበት ጊዜ ነበራቸው። በቀጣዩ ዓመት በትምባሆ ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይገባል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ታሪክ በመሠረቱ የሲጋራ ታሪክ ነው፤ መጠጥ የሚገባው የሲጋራው ባልንጀራ ሆኖ ነው። እኛ ዘንድ የሚያጨሰው ጥቂት፣ የሚጠጣው ብዙ ነው። ስለዚህ «ሲጋራ አልነካም» የሚለው መልስ፣ በእኛ አገር እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ሐኪሙንም ታማሚውንም ሊያዘናጋ አይገባም።

የመጠጥና የካንሰር ዝምድና መጠርጠር የጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ላሙ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከያዛቸው ታማሚዎቹ መካከል አብሲንት የሚባለውን ብርቱ መጠጥ የሚያዘወትሩ እንደሚበዙ አስተዋለ። በደንብ የተሰፈረው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በ1970ዎቹ አልበርት ቱይንስና ባልደረቦቹ በብሪታኒ፣ ኢል ኤ ቪሌን በምትባል ግዛት፣ 200 የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጸሩ። በቀን የሚጠጣው መጠን በጨመረ ቁጥር አደጋው ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ የሚያጨስ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ አደጋዎች ተባዝተው ይመጣሉ። የዚያ አካባቢ ገበሬ ከፖም ጭማቂ እቤቱ የሚያወጣው አረቄ ነበረውና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ማስረጃው ከየአገሩ ተከማቸ። በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 የአልኮል መጠጦችን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች መደብ አስገባቸው። ያኔ በስም ከተጠቀሱት አካላት መካከል አፍ፣ ፋሪንክስ የሚባለው የጉሮሮ የላይኛው ክፍል፣ ማንቁርትና የምግብ ቧንቧ ነበሩበት። ጡትና አንጀት የተጨመሩት በኋላ ነው። ትምባሆና አስቤስቶስ ያሉበት መደብ ይኸው ነው። ይህ ማለት ግን አንድ ብርጭቆ ቢራ የአንድ ፓኮ ሲጋራን ያህል ይጎዳል ማለት አይደለም። መደቡ የሚናገረው የማስረጃውን እርግጠኝነት እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም።

አልኮል ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ዋናው ተጠያቂ አልኮሉ ራሱ ሳይሆን ሰውነት አልኮልን ሲያፈርስ የሚፈጠረው አሴታልዲሃይድ ነው። ብዙ ሰው ይህ ሥራ ጉበት ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ይመስለዋል። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን አልኮልን እዚያው ምራቅ ውስጥ ይለውጡታል። በዚህ የተነሳ በምራቅ ውስጥ የሚገኘው አሴታልዲሃይድ በደም ውስጥ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር ከሴሎች ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፣ ዲኤንኤው ሲባዛ ስህተት ያስገባል፣ ስህተቱን የሚጠግነውን ሥርዓትም ያውካል። ጥርሱን የማይፋቅ፣ ድዱ የሚደማ፣ የበሰበሰ ጥርስ ያለው ሰው አፍ ውስጥ ባክቴሪያው ስለሚበዛ ተመሳሳይ መለኪያ የበለጠ አሴታልዲሃይድ ይፈጥራል። ለጥርስ የሚደረግ ንጽሕና ለመልክ ብቻ አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል። የጥርስ ሕክምናን እንደ ቅንጦት ለሚያየው ለእኛ ከተማ ይህን ማስረዳት ተገቢ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። አልኮል የአፍንና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ያላላዋል። ሽፋኑ ሲላላ በትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉት መርዞች በቀላሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ትልቅ ጥናት በቀን ሁለት ፓኮና ከዚያ በላይ የሚያጨስ፣ ከአራት መደበኛ የመጠጥ መጠን በላይም የሚጠጣ ሰው የአፍና የፋሪንክስ ካንሰር አደጋው ከሁለቱም ከራቀ ሰው ወደ 35 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ ተደማምረው ብቻ ቢሆን ቁጥሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአብዛኛው አትክልትና ፍራፍሬ አይበላም፤ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ይጎድለዋል፤ ይህም ጉዳቱን ያባብሰዋል።

በአዲስ አበባ ይህ መባዛት የራሱ መልክ አለው። ከሰዓት ጫት የቃመ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ይህን ጨብሲ ይሉታል። ጫት ሲቃም የማያጨሰውም ያጨሳል፣ ጉንጩ ሥር ቅጠሉ ለሰዓታት ተወዝፎ ይቆያል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ከዚያ ብርቱ መጠጥ ይመጣበታል። የጫት ብቻውን ካንሰር የማምጣት ጉዳይ እንደ መጠጥ የተቋጨ አይደለም። ደረቅ አፍ፣ ጭስና አረቄ በአንድ ምሽት በአንድ አፍ ላይ መገናኘታቸው ግን ለጉዳት የተመቻቸ ነገር ነው። ምሽታቸውን እንዲህ ከሚያሳልፉት ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ወጣቶች መሆናቸው ያሳስበኛል።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 572 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ጠጪዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል። በቀን ከ12.5 ግራም ያልበለጠ ንጹሕ አልኮል የሚወስዱት ቀላል፣ እስከ 50 ግራም የሚወስዱት መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ የሚወስዱት ከባድ ተብለዋል። ጨርሶ ከማይጠጣው ጋር ሲነጻጸር የአፍና የፋሪንክስ ካንሰር አደጋ ለቀላሎቹ በ13 ከመቶ ይጨምራል፣ ለመካከለኞቹ እጥፍ ሊሆን ይቃረባል፣ ለከባዶቹ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ማንቁርት ላይ የከባድ ጠጪው አደጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው።

50 ግራም ስንት ነው? አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ወደ 13 ግራም አልኮል አለ፤ ስለዚህ በቀን አራት ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው ከባድ ጠጪ ሆኗል ማለት ነው። 40 ከመቶ የሆነ አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ቢቀዳ ወደ 16 ግራም ይይዛል፤ ሦስት መለኪያ ወደ ድንበሩ ያደርሳል፣ አራተኛው ያሻግራል። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ጠጅ፣ ጠጁ 10 ከመቶ ከሆነ፣ 20 ግራም ነው፤ ሁለት ብርሌ ተኩል በቂ ነው። ጠላው 4 ከመቶ ከሆነ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል። ሰንበቴና ማኅበር ላይ ጣሳው በተሞላ ቁጥር «ጨምሩለት» ሲባል ይህን ያህል ጠላ ሳያስቡት ያልቃል። ይህንን የምጽፈው ማኅበር እንዲቀር አይደለም፤ በወር አንዴ የሚጠጣና በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንድ አይደሉም። ጥናቶቹ የሚለኩት የዘወትር ልማድን ነው።

«አምስት እጥፍ» ሲባል ብዙ ሰው አምስት ከመቶ ወይም ሃምሳ ከመቶ ይመስለዋል። የአፍ ካንሰር በራሱ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 390 ሺህ ሰዎች አዲስ የከንፈርና የአፍ ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ 188 ሺህ ያህል ሰዎችም በእሱ እንደሞቱ ይገመታል። በአዲስ አበባ፣ በ2004 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ የተቋቋመው የካንሰር ምዝገባ እንደሚያሳየው፣ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ በወንዶች የአንጀት ካንሰር ይቀድማል። ስለዚህ አብዛኛው ጠጪ የአፍ ካንሰር አይዘውም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ማስፈራራት ሰውን ጆሮውን እንዲደፍን ነው የሚያደርገው። የያዘው ሰው ግን መብላትን፣ መናገርንና መተንፈስን በአንድ ጊዜ ነው የሚያጣው። ከበሽታዎች ሁሉ ይህን ያህል የሰውን ፊትና ድምፅ የሚነካ ጥቂት ነው።

ከዓለሙ ስሌት ሌላ አንድ ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከተገኙት አዳዲስ የካንሰር ሕሙማን 741 ሺህ ያህሉ፣ ከመቶው አራት ማለት ነው፣ በአልኮል ምክንያት እንደታመሙ ተገምቷል። ቀዳሚው ድርሻ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት ለጤና አደጋ የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል አወጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ዋና የጤና ኃላፊ የነበሩት ቪቬክ ሙርቲ በጠርሙሶች ላይ የካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ጠየቁ።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲነሳ የኢትዮጵያ ጉዳይ ወደ አርሲና ባሌ ይወስደናል። በዚያ አካባቢ በሽታው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል በልጦ ይታያል፤ ሴቶችንም በእጅጉ ይይዛል። ብዙ ሰው በእምነቱ መጠጥ የማይነካበት አገር ነው። ይህ ለማንም ጸሐፊ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የጉሮሮን ካንሰር ሁሉ በመጠጥ ማሳበብ አይቻልም። ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ፣ የጓዳ ጭስ፣ የአመጋገብ ጉድለት በጥርጣሬ ይጠናሉ። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ነገር መጠጣት ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን የሊዮኑ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። ከጀበና ወርዶ ገና ሲንተከተክ የሚጠጣ ቡናም፣ ለምላስ የማይቻል ገንፎም በዚህ ልክ ይታሰቡ። አፍንጫ ጀርባ የሚነሳው ካንሰር ደግሞ ኤፕስታይን ባር ከሚባል ቫይረስ ጋር ይዛመዳል እንጂ ከመጠጥ ጋር ያለው ግንኙነት ጠንካራ አይደለም። የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር ከፊሉ የሚመጣው ከኤችፒቪ ነው፤ ይህ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት የሚሰጥበት፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው።

እንግዲህ ጉለሌ ላይ ሆነን መጠጥን የምናነሳው ብቸኛው ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም። በእጃችን ካሉት መንስኤዎች ሁሉ የተረጋገጠና ዛሬውኑ ልንነካው የምንችለው ስለሆነ ነው።

የሚያሳዝነው አረቄ በብዙ ቤት መድኃኒት መሆኑ ነው። ጥርሱን ያመመው አንድ ጉንጭ አረቄ ይዞ ያቆየዋል። ጉሮሮው የከረከረው ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ በጠዋት ይጎነጫል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ለነካው የቀን ሠራተኛ አንድ መለኪያ በባዶ ሆድ «ደም ያንቀሳቅሳል» ይባላል። ብርዱን አያጠፋውም፤ ቆዳ ላይ ደም ስለሚበዛ ሙቀት የተሰማው ይመስለዋል እንጂ ሰውነቱ ሙቀት ያባክናል። ከዚህ የከፋው ግን አረቄው የሕመሙን ስሜት ማደንዘዙ ነው። ሳይድን የቆየ ቁስል ያለበት ሰው በአረቄ እያደነዘዘው ወር፣ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር ያሳልፋል።

ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ምልክቶች ቀላል ናቸው። ከሦስት ሳምንት በላይ የማይድን የአፍ ቁስል፤ ምላስ፣ ጉንጭ ወይም ድድ ላይ ሲፋቅ የማይለቅ ነጭ፣ ይበልጡን ደግሞ ቀይ ጠቃጠቆ፤ ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሻከር፤ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፤ የማያም የአንገት እብጠት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንድ ወገን የጆሮ ሕመም። የመጨረሻው ብዙ ያሳስታል። የጉሮሮና የጆሮ ነርቮች ስለሚገናኙ ሰውየው ጆሮውን ብሎ ሄዶ የጆሮ ጠብታ ይዞ ይመለሳል። ሌላው የእኛው አገር መሳሳቻ እንጥል ነው። «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ተብሎ ለአገር ቤት ቆራጭ የሚሰጥ ጉሮሮ ደምና ኢንፌክሽን ይጨምራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ያጠፋል።

ጸበልንም ሳላነሳ ባልፍ ስለ ጉለሌ አልጻፍኩም። እንጦጦ ላይ ለማርያምና ለኪዳነ ምሕረት ጸበል ከሚሰለፈው ሕዝብ መካከል በአንገቱ እብጠት፣ በአፉ ቁስል የመጣ አይጠፋም። እምነቱን የሚነቅፍ ሐኪም ታማሚውን ያጣዋል። በኤች አይ ቪ ዘመን የደረሰው ትምህርት ይሆነናል፤ ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትን ከጸበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ብዙ ሰው ከመድኃኒቱ ጋር እንዲታረቅ ረድተዋል። ለአንገት እብጠትም እንዲህ ያለ ቃል ከአውደ ምሕረት ቢሰማ፣ ጸበልተኛው ሰባቱን ቀን ሳያቋርጥ በስምንተኛው ሐኪም ቤት ቢሄድ፣ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

ሐኪም ቤት የደረሰው ሰው የሚጠብቀው ጎዳና አጭር አይደለም። መጀመሪያ አፉና ጉሮሮው ይታያል፣ ከቁስሉ ቁራጭ ተወስዶ ለምርመራ ይላካል፣ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ካንሰሩ ገና ትንሽ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ብቻ ሊድን ይችላል። አድጎ ወደ አንገት ከተሠራጨ ቀዶ ሕክምናው ምላስን፣ መንጋጋን ወይም ማንቁርትን እስከ ማውጣት ይደርሳል፤ ማንቁርቱ የወጣ ሰው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ በድምፁም አይናገርም። ጨረርን በተመለከተ ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የነበራት በጥቁር አንበሳ የሚገኘው አንድ ማዕከል ብቻ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ አንድ በር ላይ መሰለፍ ማለት ወረፋው በወራት ይቆጠራል ማለት ነው። በኋላ ጂማና ሐረር ተጨምረዋል። በእነዚህ ወራት ውስጥ አንገት ላይ የነበረው እብጠት የሚያድገው ወረፋውን ሳይጠብቅ ነው። ለዚህ በሽታ ቀድሞ መምጣት ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

በመጠጥ በኩል ሕጉም ዝም አላለም። በ2004 ዓ.ም የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ያገደው ከ12 ከመቶ በላይ አልኮል ያላቸውን መጠጦች ብቻ ስለነበር ቢራ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንደልቡ ይዘፈንለት ነበር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ዘጋው፤ በብሮድካስት የሚተላለፍ የአልኮል ማስታወቂያ ተከለከለ፣ ለመጠጥ ሽያጭ የተፈቀደው ዕድሜም 21 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መጠጥ ላይ ቀረጥ ጨመረ። እነዚህ እርምጃዎች ትልቅ ናቸው፤ ማስታወቂያው ከጠፋ በኋላ ያደጉ ልጆች ልዩነቱን ያሳዩናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን የሦስቱም አዋጆች እጅ የሚደርሰው ፋብሪካው ደጃፍ ድረስ ነው። የሽሮ ሜዳና የቀጨኔ ጓዳ ውስጥ የሚወጣ አረቄ ማስታወቂያም፣ መለያ ወረቀትም፣ ቀረጥም የለውም። የፋብሪካ መጠጥ ሲወደድ ሰው መጠጡን መተዉ ቀርቶ ወደ ርካሹና ወደ ብርቱው ሊሸሽ ይችላል።

ታዲያ አረቄው ይከልከል የሚል ወገን አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። አረቄና ጠላ ሸጠው ልጅ የሚያስተምሩ፣ ቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ አብዛኞቹ ባል የሌላቸው እናቶች ናቸው። ማሰሮውን ብትሰብርባቸው ሥራው በሌላ ጓዳ፣ በባሰ ንጽሕናና በባሰ ድብቅ ይቀጥላል። ይልቁንም እነዚህ እናቶች ደንበኞቻቸውን ከማንም በላይ ያውቋቸዋል። ማን በጠዋት እንደሚመጣ፣ ማን መዋጥ እያቃተው እንጀራ እንደተወ፣ የማን ድምፅ ከወር በፊት እንደተለወጠ የምታየው የአረቄ ቤቷ እናት ናት። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከእነሱ ጋር ቢነጋገሩ፣ ከየትኛውም ፖስተር በፊት የሚደርስ መልእክተኛ ያገኛሉ። ሌላ የገቢ መንገድ የሚከፍት ብድርና ሥልጠና ደግሞ ከልመናና ከስድብ ይሻላል።

ሐኪም ቤት ውስጥም የሚስተካከል ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። «አባባ፣ መጠጥ ይጠቀማሉ?» ሲባሉ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጄ፣ እኔ ሰካራም አይደለሁም፤ ለብርድ ያህል ነው» ብለው ይመልሳሉ። መዝገቡ ላይ «አይጠጣም» ተብሎ ይጻፋል። ጥያቄው ስለ ጠባይ ስለመሰላቸው መልሱም ስለ ጠባይ ሆነ። «አባባ፣ ጠዋት ስንት መለኪያ ይወስዳሉ? ማታስ? አረቄ ነው ጠላ? ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?» ቢባሉ እኚሁ ሽማግሌ ሳያፍሩ በቁጥር ይመልሳሉ። እንዲህ ተቆጥሮ የተጻፈ መዝገብ ለታማሚው ይጠቅማል። ከዓመታት በኋላም የአዲስ አበባ አረቄ ከአዲስ አበባ ጉሮሮ ጋር ያለውን ዝምድና በራሳችን ቁጥር ለመናገር ያስችላል። የጥርስ ሐኪሙም ጥርስ ሊነቅል የከፈተውን አፍ ከመዝጋቱ በፊት ምላሱን አንስቶ ሥሩን፣ ጉንጩን ገልብጦ ውስጡን ቢያይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የሚጠጣ ሰው አፍ ውስጥ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምላስ በታች ካለው የአፍ ወለልና ከምላስ ጎን ነው።

ለሚጠጣው ሰው ደግሞ መልካሙ ዜና እዚህ ላይ ነው። የሊዮኑ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ግምገማ መጠጥን መቀነስ ወይም መተው የአፍንና የምግብ ቧንቧን ካንሰር አደጋ እንደሚቀንስ በቂ ማስረጃ እንዳለ ገልጿል። ጥቅሙ በአንድ ቀን አይገኝም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ብዙ የጠጣም ቢሆን ይጠቀማል። ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና የጀመረ ሰውም ቢተው ሁለተኛ ካንሰር የመውጣቱን ዕድል ይቀንሳል፣ ቁስሉም ቶሎ ይድናል። ሆኖም ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲወስድ የኖረ፣ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ድንገት በራሱ ቢያቆም መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚተወው በሐኪም ክትትል ነው፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና የታወቀ ነው። ቤተሰብ መጠጡን ደብቆ ከማስቀረት ይልቅ ሰውየውን ይዞ እዚያ ቢሄድ ይሻላል።